የማይወጣ ካሴት

አርባ ሰባት ቁጥር፣ የሰድበሪ ከተማ በረዶ ጠራጊ፣
ሞተሩ አጉረምራሚ፣ ፍሬኑ በየቁልቁለቱ ልመና ፈላጊ፣
በዳሽቦርዱ ጥርስ አንድ ካሴት ነክሶ
አልተፋም እስከዛሬ፣ ሠላሳ ስምንት ክረምት ታግሶ።
ኤይኖ ላምፒ መካኒኩ በጉጠት ሞከረ፣ በቢላ ሞከረ፣
ከምሳ ዕቃዬም ሹካ ተበደረ፤
"ተወው" አለኝ በመጨረሻ፣ እጁን በጨርቅ እያበሰ፣
"ብነቅለው መኪናው ይሞታል፤ ሥሩ ሞተሩ ጋ ደረሰ።"

ካሴቱ የዶሪን ማካስኪል ነው። ዶሪን የገበሬ ልጅ ነበረች፣
በየድርቆሽ ጎተራው ጭፈራ ቫዮሊን እየገዘገዘች ያደገች፤
አንድ ዓመት ተነሥታ አጥር ዘለለች።
ባርኔጣዋን ሰቀለች፣
ጸጉሯን እንደ ሊጥ ኩፍ አደረገች፣
"ቫዮሊኗን ለኤሌክትሪክ ከበሮ ሸጠች" ተባለች።
የገጠሩ "ከዳችን" አለ፤ የከተማው "ላም ላም ትሸታለች"።
ሁለቱም ግን ገዛ፤ አንዱ ካንዱ ተደብቆ፣
የመኪናውን መስኮት ዘግቶ፣ ድምፁን አምቆ።

ያስገባው ሬያል ሻርቦኖ ነው፤ ከእኔ በፊት መኪናውን የነዳ፣
በጥንቱ ዘፈን የሚምል፣ አዲሱን የሚቆጥር እንደ ዕዳ።
ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ "የገዛሁት ልሰድባት ነው" አለኝ፣
"አንዴ ሰምቼ ልወረውረው ነበር፤ ይሄ ሆዳም ማሽን ቀደመኝ።"
እንዲህ እያለኝ ግን ያ አውራ ጣቱ
መሪው ላይ ነበረ፤ አንድም አልሳተ ከምቱ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ኤልም ጎዳና ላይ ነፍስ የለም።
ጠርጌ ስዞር፣ የጠረግኩት መንገድ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል ዳግም።
ሥራዬ ይኸው ነው፤
ከመንገድ የገፋሁት ክምር ደጁን የደፈነበት ሰው
በካልሲ ወጥቶ፣ በፒጃማ፣ እናቴን አንሥቶ ይሰድበኛል።
ምን ላድርግ፣ በረዶ አይጠፋም፤ ካንዱ ደጅ ወዳንዱ ደጅ ይሄዳል።
ከዚያ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ይገለበጣል፤
ያ ርካሽ ኦርጋን፣ ዛሬ የሠርግ ባንድ እንኳ የሚያፍርበት፣
ይንቆረቆራል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ማንም በሌለበት።
ለምን እንደሆነ አላውቅም። ብዙ የተሻለ ዘፈን አውቃለሁ፤
የተሻለው ይሰለቸኛል፤ ይኼን ገና እጠብቀዋለሁ።

ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቴፑ ተበልቷል፤
ልክ ነገሩ ሊፈነዳ ሲል ድምፁ ውኃ ውስጥ ይገባል፣
አሥራ አንድ ሰከንድ። ሬያል እዚያ ጋ ያንጎራጉር ነበር፣
ያለ ቃል፣ በአፍንጫው፣ ዘይት እንዳጣ በር፤
እኔም ቀዳዳውን በእሱ ዜማ ደፈንኩት፣
ግጥሙ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ሳልጠይቅ ለመድኩት።

ዘንድሮ ለማጅ ሰጡኝ፤ ቴሳ ናዌጋቦ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ካሴቱ ከተቀዳ በኋላ ነው የተወለደችው እናቷ።
የመጀመሪያው ሳምንት ሳቀች። ሁለተኛው ላይ ዝም አለች።
በሦስተኛው፣ ቀዳዳው ጋ ስንደርስ፣ እኔ ሳንጎራጉር፣ "ቆይ" አለች፤
ስልኳን አወጣች፣ ዘፈኑን ሙሉውን ፈልጋ አገኘች።
መኪናውን አቆምኩ። ቢጫው መብራት በረዶው ላይ ይዞራል፤
አሥራ አንዱ ሰከንድ መጣ። ቃል የለም። ቫዮሊን ነው፤ ያለቅሳል፤
ያ ሸጠችው የተባለው፣ ያ የጎተራው፣
ከኤሌክትሪኩ ከበሮ መሀል ገብቶ የሚያቅራራው።

ሬያል ያውቅ ነበር። ቴፑ ሳይበላ ሰምቶታል፤
ያን ሁሉ ክረምት በአፍንጫው ቫዮሊን መትቷል፣
"ከዳችን" እያለ።

ቴሳ ስልኳን ኪሷ ከተተች። "የሬያል ይሻላል" አለች፣
ማሞቂያውን ከፍ አደረገች።
ገፋን። የአንድ ሰው ደጅ ደፈንን፤ በሩ ተበርግዶ
ባለ ካልሲው ወጣ፣ በረዶው ላይ በንዴት ነዶ፤
መስኮታችን ክፍት ነው፤ ካሴቱ ይዘፍናል፤
እሱም እጁን እያወናጨፈ እናቴን ይሰድባል፣
በግራ ካልሲው ደግሞ፣ ሳያውቀው፣ ምቱን ይመታል።