ኮርቻው

ናሪን ላይ በረዶ ሌሊቱን ተከምሮ፣
ጁማቤክ ከች አለ ወገቡን ጠፍሮ።
"ቅባት ስጪኝና ልሂድ ወደ መንጋዬ፣
የወገብ ነገር ነው፣ ያረጀ ጓደኛዬ።"

ልክ ነው፤ ብዙው ወገብ አሞ አሞ ይተዋል፣
ጥቂቱ ግን አድብቶ ሰው ይጥላል።

ጠየቅሁት፦ "ትኩሳት?" "የለም።" "ክሳትስ?"
"ሆዴን አታይውም?" ሳቀ። "ሌሊትስ?
ከእንቅልፍ ይቀሰቅስሃል?" "ቀስቃሹ እኔ ነኝ፣
በጎቹን።" ቀልዱ እኔንም አሳቀኝ።

ጉልበቱን መታሁ፣ እሺ፤ ተረከዙን መታሁ፣
ደግሜ መታሁ፤
መልስ አጣሁ።

"ሽንትህስ?" አልሁት። ዝም። ልጁን ላከው ደጅ፣
ቆቡን እያሻሸ፣ እያገላበጠ በእጅ፦
"ከትናንት እምቢ አለኝ። ደግሞ አንድ ነገር አለ፣
ሐሙስ ዕለት የፈረሴ አረማመድ ተሻለ፣
ለሰለሰ፤ ደመና ላይ የምሄድ መሰለኝ ብቻ፤
ለካ አይሰማኝም ከሥሬ ያለው ኮርቻ።"

ቅባቱን መለስሁት። ስልኩን አነሳሁ፣
"ቢሽኬክ! ኤምአርአይ! ነገ አይደለም፣ ዛሬ!" እያልሁ።

"ፈረሴስ?" አለኝ ቃሬዛው ላይ ተኝቶ።
ልጁ ልጓሙን ያዘ፣ ኮርቻውን ፈትቶ።

በእጄ ዳሰስሁት፤ እንደ ድንጋይ ይቆረቁራል።