ሰባት ኪሎ

በሰባ አንድ ዓመቷ፣ ዓለምን ልትዞር፣
ዴዎሊንዳ ያሰናዳችው፣ ሰባት ኪሎ ነበር።

ሴቱባል ገበያ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰርዲን የሸጠችበት፣
ያ ዝገት የበላው ሚዛን፣ ዛሬም ዓሣ ዓሣ የሚሸት፣
ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ተጎልቶ እንደ ዳኛ፣
ዕቃዋን አንድ በአንድ ጠራ፦ ይሄ ይግባ፣ ያ ይተኛ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ቤቷን የተከራየሁ ሰው፤
የዓመት ኪራይ በፖስታ ይዤ፣ የምጠብቀው ቁልፉን ነው።

ሁለት ሸሚዝ። አንዱ ሊለበስ፣ አንዱ ታጥቦ ሊሰቀል።
አንድ ቀሚስ፣ ሲጠቀለል፣ ቡጢዋን የሚያክል።
ሹራቡ አከራከረ፤
ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ተሞከረ፤
ቀረ።

የጥርስ ብሩሿን እጀታ፣ በዓሣ ቢላ ቆረጠችው፤
«ለአራት ጥርስ» አለች ስቃ፣ «ይሄ ሁሉ ዘንግ ለምኔ ነው?»
የባሏን የአቢልዮን ፎቶ፣ ከፍሬሙ አወጣች፤
«የሚከብደው እንጨቱ ነው፤ እሱማ ቀላል ነበር» አለች።

አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበራት፣ የነፍሰ ገዳይ ታሪክ፤
ከመሐል ላይ ገነጠለችው፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቀጥ ልክ።
ሁለተኛው ግማሽ ቦርሳ ገባ።
የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጠችኝ፦ «ይሄንን ጨርሻለሁ፤ እንካ።»

ጎረቤቷ ግራሲንዳ፣ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ፣
«ዓመት ሙሉ በዚህች? አበድሽ?» ብትላት በጠዋት ተቆጥታ፣
«ዓሣ እንኳ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ከዚያ ነው የሚመዘነው፤
ከነሆድ ዕቃዬማ፣ ግራሲንዳ፣ እኔን ማን ነው የሚጭነው?»

ሄደች። ዞራ አላየችም።
ቦርሳው ጀርባዋ ላይ፣ የድመት ያህል አልከበዳትም።

የቀረው ለእኔ ቀረ።
ማን ይናገር? የነበረ።

ቁም ሣጥኑን ስከፍተው፣ ካፖርቶች ላዬ ላይ ተናዱ።
አሥራ አንድ መቀስ ቆጠርኩ፤ አይቆርጥም አንዱም፣ አንዱም።
ክዳን ያጣ ድስት አለ፤ ድስት ያጣ ክዳን አለ፤
የአቢልዮ ጫማ ከበሩ ኋላ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ አለ።
ሎሚው በየሁለት ቀን ውኃ ይጠይቃል፤
ጣሪያው ከሳዶ ወንዝ ጉም ሲመጣ ያነባል።

እኔም በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ነበር የገባሁት፤
ግን የእሷ መቅለል ምርጫ ነው፤ እኔን ያቀለለኝ ፍርድ ቤት።
ሚስቴ ሶፋውን ወሰደች፣ ሰዓቱን፣ የውሻውን ሳህን፣ ውሻውን፤
አሁን ደግሞ የማላውቃት ሴት፣ አሸከመችኝ ዕድሜዋን።
ሰው ቀሎት ሲሄድ ባየሁ ቁጥር፣ ዞሬ ቤቱን አያለሁ፤
እዚያ የሚሸከምለት አለ፤ እዚህ ደግሞ እኔ አለሁ።

በየወሩ ፖስታ ካርድ።
ከኦዋሃካ፦ «ዝናብ ነው። ያጠብኩት ሸሚዝ አልደረቀ።
ሌላውን ውሻ ቀደደው። በፎጣ ሦስት ቀን አለቀ።»
ከሃኖይ፦ «ዛሬ መዘንኩት። ስድስት ኪሎ ተኩል ሆኗል።
ምን እንደጎደለ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ? ሎሚውስ እንዴት ሆኗል?»

ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ፣ ግማሹን መጽሐፍ ጨረስኩት።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፦ ዝናብ፣ ጨለማ፣ ባዶ ቤት፤
አንድ ሰው በር ያንኳኳል።
«ማነህ?» ትላለች ሴትየዋ፤
እዚያ ላይ ወረቀቱ ያልቃል።

ተነስቼ ጻፍኩላት፦ «ያንኳኳው ሰውዬ ማን ነው?»
አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ፤ አድራሻ የላት፤ የት ልላከው?
ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት።
መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ውጪ ሲነጋ፣ ባልዲውን ይዤ ወደ ሎሚው ሄድኩ።