ከዴስኩ ሆድ ሥር

ማስታወቂያው ወጣ ከትምህርት ቤቱ በር፤
«ሰባራ ዴስክ ይሸጣል፣ አርባ ሦስት በቁጥር፣
ባለበት ሁኔታ።»
አናጢ ነኝና ገባሁ ሳላመነታ፤
ከማገዶ ሻጭ ጋር ዋጋ ተፎካክሬ፣
በሃምሳ ብር በለጥሁት፣ እሱንም ተበድሬ።

ሞጣ ዘንቦ ነበር። በጋሪ፣ በጭቃ፣
ሦስቴ ተመላለስሁ፣ ቀኑ እስኪያበቃ።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን፣
አንዱን ገልብጬ ስነቅል ሚስማሩን፣
ከሆዱ ላይ አገኘሁ አራታችንን፦
አንለይ፣
የዝና፣
ሽባባው፣
እንየ...
ይህ የመጨረሻው እንየው ነኝ፣ እኔ።
«ው»ን ልጭር ስል ነው መምህር ቢሆነኝ
ከኋላ ደርሰው ጆሮዬን የያዙኝ።

አልገረፉኝም። መዶሻ አመጡ፤
«ያጠፋኸውን አብጅ» ብለውኝ ወጡ።
ልጁ ኳስ ሲራገጥ ጎል በድንጋይ ይዞ፣
እኔ ሁለት ሳምንት፣ አውራ ጣቴ በልዞ፣
ሚስማር ሳቃና ነበር።
ካስተማሩኝ ሒሳብ እጄ ላይ የቀረው
ማዕዘን ሲያጋድል ዓይኔ መቆርቆሩ ነው።
ማትሪክ ወደቅሁ፤ መዶሻው ግን አልወደቀም።

ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ከባንዲራው ሥር፣
ዳይሬክተሩ ሲጮኹ ደም ሥራቸው እስኪገተር፣
«የነገ ሐኪሞች! መሐንዲሶች!» ነበር፤
«የነገ አናጢዎች» ሲሉን አልሰማሁም፣
ምንም እንኳ ዴስኩ ብቻውን ባይቆምም።

አንለይ ጋ ደወልሁ፤ ዳንግላ ፋርማሲ አለው።
(ስሙ አንለይ ሆኖ ቀድሞ የተለየን እሱ ነው።)
«ኬሚስትሪውን ተወው፣ ረሳሁት» አለኝ፤
«ያቺ የኪራይ ቤት ናት ሰው ያደረገችኝ።
የእሑዷ ዳቦ ሐሙስ ላይ ስትደርስ፣
ለሦስት ስከፍላት ፍርፋሪ ሳላፈስ፣
ያኔ የለመደው እጄ ነው የዛሬው፣
ግማሽ ክኒን ሲቆርጥ ለማንም የማያዳላው።»

የዝና መናኸሪያ፣ ስምሪት ላይ ናት።
ዘጠነኛ ሳለን የአክስቷ ሰዓት
ክንዷ ላይ ስላለ ደወል ደዋይ አሏት፤
ግራር ላይ የተሰቀለ ቸርኬ በብረት ስትቀጠቅጥ፣
የዘገየው ሁሉ ዳገቱን ሲሮጥ፣ ሲፈረጥጥ።
ዛሬም ባሕር ዳር፣ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ ብላ፣
ሰውን ትሸኛለች ደቂቃ አስተካክላ።
«እናንተን አስወጣሁ» ትለኛለች ስትስቅ፣
«እኔ ብቻ ቀረሁ ከደወሉ ሳልርቅ።»
ሳቋን አላምነውም።
ከአራታችን ሁሉ ብዙ ነጥብ ያመጣች
እሷ ነበረች። ለምን እንደቀረች
አልጠየቅሁም እኔ፤ አንድ ቀን ጀምራ፣ ሰው መጣና ተወች።

ሽባባው እዚያው ነው፣ ከንብረት ክፍሉ ውስጥ።
ማስታወቂያውን እሱ ጻፈው፤ ያን ጽሕፈት እንዴት ልሳት?
የክፍሉን የፍቅር ደብዳቤ ሁሉ የጻፈ እሱ ነው፣
አንዱም ግን የራሱ አልነበረም።
«ትምህርት ምን ፈየደልኝ?» ይላል ጠላ ቤት ሲቀመጥ፤
ጠዋት ግን ሲያስረክበኝ፣
አንዷን ከክምሩ አውጥቶ፣ በክንዱ ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ ሲያስቀምጥ፣
«ይቺን አደራ» ነው ያለኝ።
ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነዳሁት ጋሪውን።

«ው»ን ልጨርሳት ብዬ መሮ አነሣሁ።
ተውሁት።

የመናኸሪያው የቲኬት ጠረጴዛ እግሩ ተሰብሮ፣
የዝና ስትለምነኝ ነበር ካለፈው ወር ጀምሮ፤
ነገ ይህንኑ እሰጣታለሁ ልጌ፣ አጥብቄ፣
ስማችንን ወደ ታች፣ ከጉልበቷ በላይ ደብቄ።
እንዳትነግሯት።

ሃምሳ ብሩ እንደሆነ ገና አልተከፈለም።