ካስማ

መስከረም ተገባዶ፣ ነፋስ ጥዱን ሲያራግፍ፣
በረዶ ከአልፕስ ወርዶ ገደሉን ሲያቅፍ፣
የሐይቁን ዳር ሰፈር ዘጊዋ እኔ ነኝ፤
ነዥካ እባላለሁ፣ ቁልፍ የተሰጠኝ።

ቧንቧውን አራግፌ፣ ጀልባውን ገልብጬ፣
ሰው ጥሎ የሄደውን እለቅማለሁ መርጬ፦
አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ሹካ፣ የዋና መነጽር፣
ግማሽ ሻማ፣ ንጉሥ የጎደለው ካርታ፣ የተተበተበ የዓሣ ክር፣
"ባለቤቱ ይመለሳል" ብዬ
ዓመት ያቆየሁት ኮፍያ፣ ከሚስማር ሰቅዬ።

በሐምሌ ይኼ ሜዳ ገበያ ነው የሚያክለው፤
ጀርመኑ ከቼኩ ዘንድ ጨው ሲለምን የሚውለው፤
ልጅ ከውሃው አልወጣም ብሎ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣
እናት ፎጣ ይዛ በዳር በዳር ስትዞር።
አሁን ግን ዝም ብሏል። ዝምታውን እወደዋለሁ፤
ውሃው ጠጠር ሲልስ ከአልጋዬ እሰማዋለሁ።

ድንኳን የነበረበት ሣሩ ገርጥቶ፣
አራት ማዕዘን ሆኖ፣ ፀሐይ አጥቶ፣
ሜዳው እንደ አሮጌ ሱሪ ይታያል ተጥፎ፤
እንዲህ ነው በጋ የሚሄደው፣ ስሙን በሣር ጽፎ።

ዘንድሮ ግን ቀረ አንድ ድንኳን ሳይነሣ፤
አሥራ ሰባት ቁጥር፣ አረንጓዴ፣ የሳሳ፤
የቦጎሚር ድንኳን። ሠላሳ አንድ በጋ
ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ሳይጠይቅ ዋጋ።
ሐዲድ ቀያሪ ነበር ጡረታ ሳይወጣ፤
ዛሬም ሰዓት ያያል ሾርባውን ሲጠጣ፣
ባቡር እንዳይቀድመው፣ ባቡር እንዳይመጣ።

"መቼ ነው የምትሄድ?" አልኩት ሰኞ ለታ።
"ነገ" አለኝ፣ "ትልቁ ዓሣ ሊበላ ነው ማታ።"
ማክሰኞ፣ "ጉም አለ፣ መንገዱ አይታይም።"
ረቡዕ፣ "በረቡዕ መንገድ አይጀመርም።"
ሐሙስ ዕለት ደግሞ ምንም አላለኝ፤
ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ዝም ብሎ አየኝ።

ተናደድኩ።
አለቃዬ ከከተማ ስልክ ይደውላል፤
በሩ በጊዜው ካልተዘጋ ደሞዝ ይጎድላል፤
የምድጃ እንጨቱ አልቋል፣ በረዶው ሊወርድ ነው፤
ሽማግሌን ከሣር ላይ ማን ነው የሚነቅለው?

ልቆጣው ሄድኩና ከጥዱ ኋላ ቆምኩኝ፤
ያየሁትን አይቼ ቁጣዬን ዋጥኩኝ።
ተንበርክኮ ነበር ከካስማው አጠገብ፣
በሁለት እጁ ይዞት፣ ሲስብ፣ ሲስብ፣ ሲስብ።
ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ናቸው፣
ቁርጥማት ቆልፎ ቁልፉን የወሰደባቸው።
ብረቱ ንቅንቅ አላለም። እጁን ብብቱ ከተተ፤
ዙሪያውን ተመለከተ፤
ማንም እንዳላየው ሲያምን፣ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።
ሐይቁ ላይ ተራራው ተገልብጦ ዋለ።

"እርዱኝ" ማለት ለእሱ ከውርጭም ይከፋል፤
ከልጁ ጆሮ ከደረሰ የከርሞው በጋ ያልፋል።

ሌሊት ወጣሁ በጨረቃ፣ ፋኖሴን ሳላበራ፣
መዶሻ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንዳይጮህ ከድንጋይ ጋራ።
ውስጥ ሆኖ ያንኮራፋል፣ እንደ ጭነት ባቡር፤
ሲያቆም ቆሜ ስጠብቅ፣ ሲጀምር ስቆፍር፣
አንድ በአንድ፣ አሥራ ሁለቱን፣ ግራ ቀኝ ነቅንቄ፣
ከአፈሩ አላቅቄ፣
መልሼ በቦታው ሰካሁት፣ ቆሞ እንዲያድር፤
ነፋስ እንዳይነሣ እየለመንኩ ተራራውን በስውር።

ጠዋት በር ስከፍት፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣
ቦጎሚር ቆሞ አገኘሁት ቦርሳውን አዝሎ፤
ካስማዎቹ በከረጢት፣ ታጥበው፣ ተቆጥረው።
"አፈሩ ለሰለሰ" አለኝ፣ "ዝናቡ ነው ያራሰው።"

ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ፤ ደረቅ ነው ሦስት ሳምንቱ።
"አዎ" አልኩት፣ "ሲዘንብ አደረ፤ አላስተኛኝም ጩኸቱ።"

ሊሄድ ሲል ጉልበቴን አየው፤ ሱሪዬን አፈር ነክቶታል።
ሰዓቱን ገለጥ አድርጎ፣ "ለከርሞስ" አለኝ፣ "ይዘንባል?"

"ይዘንባል" አልኩት።

የሉብልያና አውቶብስ ወሰደው። አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ሣሩ
ገርጥቶ ቀርቷል፤ ከዳር ዳሩ
አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ ከሌላው ሰፋ ሰፋ ያሉ።
ማታ በረዶ ሲጥል፣ መጀመሪያ እነሱ ሞሉ።