ልብዎ አብጧል

ማክሰኞ ነው፣ የልብ ቀን፤ አግዳሚው በጠዋት ሞልቷል፤
ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና ሌሊት የተነሣ መጥቷል።
ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ደረት ማድመጥ አይቻልም፤
ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ ጥዬ ጠበቅሁ፤ እሱም ጠበቀ፤ አልተቻኮልንም።

ሸምሱ አባ ዱራ ይባላል፤ ባርጩማ ጠራቢ ነው፣ ከሂርማታ፤
ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ ብሎ ያነጋል ማታ ማታ።
«አስም ነው አሉኝ፤ ብርድ ነው አሉኝ፤ የእንጨት ብናኝ ነው አሉኝ፤
ነጭ ሽንኩርት በማር አበሉኝ፣ ጀርባዬን ዋግምት አገሙኝ።»

ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤
ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም፤ እስከ አሥር ቆጠርሁለት።
የአንገቱ ደም ሥር ተገትሯል፤ ሳንባው ከሥሩ ይንጣጣል፤
ልቡ ሁለት መምታት ሲገባው ሦስት ይመታል፤
የደከመ ፈረስ ግልቢያ ይመስላል።
ግፊቱ መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር፤ ከዛሬ በፊት ማንም አልለካውም፤
ግፊት እንደ ምስጥ ነው፤ ከውስጥ ሲበላ ድምፅ አያሰማም።

በአልትራሳውንዱ ጨለማ ክፍል ልቡን በስክሪን አየነው፤
እንደ አሮጌ ስልቻ ላልቷል፤ ሲጨመቅ ጥቂት ነው የሚወጣው።
ተለማማጁ ሐኪም ቸኮለ፣ ከእኔ አፍ ነጥቆ ነገረው፦
«አባቴ፣ ልብዎ አብጧል።»

ሸምሱ ተነሣ።
የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈ።
«እኔ? ልቤ ያበጠ?
አርባ ዓመት ለሰው መቀመጫ ስጠርብ፣
ሰው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ እኔ መሬት ላይ ስንበረከክ፣
ከጎረቤት ቃል ተለዋውጬ የማላውቅ ሰው?
ማነው እዚህ ድረስ መጥቶ ያማኝ?»

ሳቅም አልወጣኝ፣ ቃልም። የቋንቋችን ጉዱ ብዙ ነው፤
ታጋሹን ልበ ሰፊ፣ ትዕቢተኛውን ልቡ ያበጠ የሚለው፤
በዚያ ስክሪን ላይ ግን ሰፊውም ያበጠውም አንድ ነው።
«ጋሽ ሸምሱ» አልሁት፣ «ጠባይዎን አይደለም፤
ዘንቢል ሸክም ሲበዛበት ይለጠጣል፤ ዘንቢሉ ጥፋት የለበትም።»
ሸሚዙን መልሶ ፈታ።

ኪኒኖቹን ደረደርሁ፤ አንዱ ግፊት የሚያበርድ፣ አንዱ ምት የሚያረጋጋ፣
አንዱ ውኃውን በሽንት የሚያወጣ፣ የሚዋጥ ገና ሲነጋ።
«ጨው ይቀንሱ።» «ሚጥሚጣስ?» «እሱም ጨው አለበት።» ተከዘ።
«በየጠዋቱ ይመዘኑ፤ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ
ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ይምጡ።»
ቤቱ ሚዛን እንደሌለ መጠየቅ ረሳሁ።

ወር ሳይሞላ መጣ፤ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት፣ በሸበጥ።
«ኪኒኑን?» «ዋጥሁ።»
«ሁልጊዜ?»
ወደ መስኮቱ አየ።
«ሐሙስ ሐሙስ አልውጥም። ገበያ ነው።
ባርጩማዬን ደርድሬ፣ ሽንት ቤት ፍለጋ ስዞር
ማን ይጠብቅልኛል?»
ስንት ዓመት ተማርሁ፤ ሐሙስን ያስተማረኝ የለም።
«ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ይዋጡት» አልሁ፤ «ብቻ አይቅር።»

ባለፈው ዓርብ፣ የልብ ቀን ባልሆነ ቀን፣
ዘበኛው በር ላይ አንድ ሰው አቆመ፤ ባርጩማ ተሸክሟል።
ሸምሱ ነው። እንደገባ ባርጩማውን ገለበጠልኝ፤
ከሆዱ ሥር፣ በአናጢ እርሳስ፦
ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ ተኩል። ስልሳ ሦስት።
«ሁለት ሞላ፤ መጣሁ» አለ።
«ቡና ነጋዴው ጆንያ ሲመዝን እኔንም ይሰቅለኛል፤
‹ሸምሱ፣ ልብ ገዛህ ወይ?› ይለኛል።
‹ገዛሁ› እለዋለሁ፤ ‹በዱቤ›።»

የውኃውን ኪኒን ጨመርሁለት፤ በሳምንቱ ስልሳ አንድ ገባ።
ባርጩማው እዚህ ቀርቷል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ እቀመጥበታለሁ።
የክፍሉ ወለል ወጣ ገባ ነው፣
ሦስት እግር ግን አይናጋም።