ከወንበሩ ላይ የቀረ ሹራብ

ከቀጠሮው በፊት ሩብ ሰዓት ቀድሜ፣
ግዲኒያ ወደብ ዳር ከሕንጻው ሥር ቆሜ፣
የባሕሩ ነፋስ ፊቴን ቢያለብሰው ጨው፣
ሻርፔን አጥብቄ በሩን ስገፈትረው፣

ማልቪና የምትባል እንግዳ ተቀባይ
ኮቴዬን ሰምታ፣ ቀና ብላ ሳታይ፣
ግማሽ ሳንድዊቿን መሳቢያ ከተተች፤
እኔ መሆኔን ስታይ መልሳ አወጣች።
የፈራችው ሌላ ነው፤ እኔን አልነበረም።
ይህን መዘገብኩት። ገና አልተቀመጥኩም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስረጅቶኛል፤
የጎደለ ሳንቲም ከሩቅ ይሸተኛል።
ሰው ቤት ስገባማ ይብስብኛል አመሉ፤
ዓይኔ ይደምራል ያገኘውን ሁሉ።

የግድግዳው ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀድማል፤
በጊዜው የመጣም "ዘገየህ" ይባላል።
አበባው ፕላስቲክ ነው፤ አቧራው ግን እውነት።
"እኛ ቤተሰብ ነን" ይላል ግድግዳው ላይ፣
በወርቅ ቀለም ደምቆ፣ ለገባ እንዲታይ።
ቤተሰብስ እኔም ነበረኝ ድሮ፤
አባቴ ሲመጣ ጸጥ ይላል እስከ ጓሮ።

ከመስታወቱ ማዶ ሦስት ወጣቶች አሉ፤
አንዱ ጉድ ያወራል፣ ሁለቱ ይስቃሉ።
ከደረጃው በኩል አንድ ጫማ ተሰማ፤
ሳቁ ድርግም አለ፣ እፍ እንዳሉት ሻማ።

ራዶስዋቭ ነው። ሥራ አስኪያጁ።
ሞቅ ያለ ሰላምታ፣ ልስልስ ያለ እጁ።
ክፉ ሰው አይመስልም፤ ላይሆንም ይችላል፤
ለቤት መክፋት ደግሞ ክፉ ሰው መች ያሻል?

"ውጥረት ይችላሉ?" አለኝ ፈገግ ብሎ።
"ውጥረቱ ምንድን ነው? ሥራው ነው ወይስ ሰው?"
ልል ነበር፤ ዋጥሁት። "እችላለሁ" አልኩ።
የሁለት ወር ኪራይ ምላሴን ያዘው።
ሄንሪካ ከጎኑ ወረቀት ይዛለች፤
ሳቁን ተከትላ ሳቋን ታወጣለች፤
ዝም ሲል አጣጥፋ መልሳ ትከታለች።

"ጥያቄ ካለዎት?" አሉኝ ማብቂያው ላይ።
"የምቀመጥበትን ወንበሩን ልየው ወይ?"
ተያዩ።
ለካ ወንበር ልይ ያለ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

ጥግ ላይ ነው ወንበሩ። መደገፊያው ላይ
ክርኑ የሳሳ አረንጓዴ ሹራብ
ትከሻው እንደ ጎበጠ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።
"የማን ነው?"
"ከእርስዎ በፊት የነበረችው... ረስታው ነው የሄደች።"
"መቼ?"
"በጥር።"

በጥር!
ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ በሚሠራበት ወር፣
ጆሮ በሚቆረጥ፣ ጣት በሚሰበር፣
ሹራቧን የረሳች ምን ያህል ብትቸኩል፣
ከውርጩ አብልጦ ቢበርዳት ይህ ክፍል!

"ደመወዙ ደህና ነው" አለ ራዶስዋቭ፣
ዝምታዬ ረዝሞበት።
ዞሬ ሦስቱን ልጆች አየሁ፤
ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው፣ ጉንጫቸው ሟሽሾ።
ደሙንስ አየሁት። ወዙ የት ደረሰ?

ስወጣ ማልቪና "ሊፍቱ ይዘገያል፣
በደረጃው ቢወርዱ ይሻልዎታል" አለች።
ድምጿን ዝቅ አድርጋ ደግሞ፣ "እኔም አንድ ቀን..."
ስልኩ ጮኸ። የቀረውን ስልኩ በላው።

ማታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ "ይቅርብኝ" የሚል፤
ትሕትና ጨመርኩበት፣ እንዳይጎረብጥ ቃል።
ኪራዩን አሰብኩና ሳልልከው አደረ።
ጠዋት የእነሱ ቀድሞ ሳጥኔ ውስጥ ነበረ፦
"ሌላ ሰው መርጠናል፣ ወይዘሮ ቦጉስዋቫ።"

ቦጉሚዋ ነው ስሜ።

ሳቅሁ። ከዚያ አመመኝ።
እኔ ያልወደድኩት ቤት "አልወደድኩሽም" ሲለኝ
እንደ ተከዳ ሰው ለምን ሆድ ባሰኝ?
ይህን በየትኛው ዓምድ ልመዝግበው?
ገቢ ነው? ወጪ ነው?

አሁንም ትሮሊባስ ስጠብቅ፣ ንፋሱ ሲበረታ፣
ትመጣብኛለች ያቺ የመረጧት ሴት፣
መልኳን የማላውቃት፤
ሰኞ ጠዋት ወንበሩ አጠገብ ቆማ፣
ካፖርቷን አውልቃ በእጇ እንደያዘች።
ሹራቡን አንስታው ይሆን?
ወይስ ደርባበት?