የአምሳሉ ሰሌዳ

ጥር ላይ ነው፤ ዊኒፔግ ምራቅ ሳይወድቅ ሲረጋ፣
መካኒኩ አማቼ አምሳሉ፣ ጋራዡን ትቶ ያዘ አልጋ።
የረጋ ደም ቀኝ ጎኑን አሰረ፤ ቃሉንም አብሮ ወሰደ፣
“ውሃ” ሊል “መፍቻ” ይላል፤ “መፍቻ” ሊል ምላሱ ካደ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ያናገረ ሰው፣
ለነርሷ “አመመኝ” ሊላት አንዲት ቃል አነሰው።

ማሪሴል፣ የንግግር ሐኪሟ፣ ከማኒላ የመጣችው፣
ታብሌቷን ይዛ ገብታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው፤
ነጭ ሰሌዳ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያገኘችው።
ስም አይጠይቅ፣ ካርድ አይጠይቅ፤ ጠርዝ የለውም ሰሌዳው፣
ማንም ገና እንዳልረገጠው፣ እንደ ከተማው ዳር ሜዳው።
አድራሻውን ላከችልን፤ ለልጁ፣ ለእኔ፣ ለሚስቱ፣
ባንድ ገጽ ላይ እንድንሥል ሁላችንም ከየቤቱ።

ግራ የገባን እኛ ነን፤ እሱንማ ግራው ገባው፣
እየተንቀጠቀጠ በጣቱ አራት ማዕዘን ነገር ገነባው።
“መስኮት!” አለች ሶልያና። ራሱን ነቀነቀ።
“ባትሪ” ብዬ ጻፍሁ እኔ። በግማሽ ፊቱ፣ አሉኝ፣ ሳቀ።
እህቴ ትርሲት ናት፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ፣ በዕረፍቷ ሰዓት የለየችው፦
ትራስ ነበር። ጠጥሮበት። ነርሷ ጋ ደውላ አስለወጠችው።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳው ሥራ በዛበት።
ማሪሴል የሰው ቅርጽ ታወጣለች፤ እሱ ያመመውን በቀይ ይቀባበት፤
ሶልያና የሂሳብ የቤት ሥራዋን፣ ያን ሦስት ማዕዘን ትዘረጋበት፤
አባትየው ባለ ጥርስ ጎማ ሥሎ፣ ማዕዘን ምን እንደሆነ ያስረዳታል፤
የምድር ቤቱ ማሞቂያ ማጣሪያ የት እንደሚገባ፣ ለትርሲት በቀስት ያሳያታል።
ሌሊት አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሣለ፤ ጠጠሩን በነጥብ ጻፈ፣
የፈረቃው ነርስ ሐርጂት፣ ገበጣን ያለ ቃል ተምሮ፣
በአራተኛው ሌሊት መምህሩን አሸነፈ።
አንድ ቀን ደግሞ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን ያላወቅነው፣
ጥግ ላይ ሰማያዊ ጫማ ሥሎ ሄደ።
አላጠፋነውም።

እኔን የማይለቀኝ ግን ያ የማክሰኞ ሌሊት ነው።
ፓርሴል ጭኜ ወደ ምዕራብ፣ ፖርቴጅ ላ ፕሬሪ ሳልደርስ፣
ቫኗ ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር፣ ባዞር፣ ትንፍሽ የለም።
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት። የጎታቹ ሰውዬ “ሦስት ሰዓት ጠብቅ” አለኝ።
ኮፈኑን ከፍቼ ያየሁትን በደነዘዘ ጣት ሰሌዳው ላይ ሣልሁት፤
ማን ያየዋል ብዬ! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ተንቀሳቀሰች።

አምሳሉ እንቅልፍ የለውም።
ሥዕሌን እንደ ሰነፍ ተማሪ ደብተር ጠራርጎ አጠፋው፤
ባትሪ ሣለ፤ ከባትሪው ጥቁር ሽቦ፤ ሽቦው ሻንሲውን ነክሶ፤
እዚያች ንክሻ ላይ ቀይ ክብ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ መስመሩ እስኪወፍር።
ከጎኑ አንድ ሳንቲም።
ዝገቱን በሳንቲም ፋቅሁ። ብሎኑን በፒንሳ አጠበቅሁ።
ቁልፉን አዞርሁ።

“ተነሳ!” ብዬ ጻፍሁ።
ከጻፍሁ በኋላ ቃሉን አየሁት።
ስድስት ዓመት ሙሉ “እሷ” እያልኋት የነዳኋትን ቫን፣
ለምን “ተነሳች” አላልሁም?

ነጥቧ ትንሽ ቆመች። ከዚያ እየተንገዳገደች
አራት መስመር ጎተተች፦ ደረሰኝ ነው፣ የጋራዡ ማኅተም ሳይቀር፣
ከታች አንድ መቶ ሃያ ዶላር፤
የሌሊት ሥራ መሆኑን ደግሞ ጨረቃ ሥሎ አስረዳኝ።

እዳዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ ከሰማያዊው ጫማ አጠገብ።
ማጥፊያው በሁላችንም እጅ ነው፤
የደፈረ የለም።